ብሔራዊ ትያትር ደጃፍ

አንድ የድሮ ተማሪዬ ትናንት ከብሔራዊ ትያትር ደጃፍ ፎቶ ላከልኝ። "ቲቸር፣ በመጨረሻ አየሁት!" ይላል።

ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ ታስታውሳላችሁ? ሕንጻውን የጀመረው ጣልያን ነው፣ ለሲኒማ ብሎ። ወራሪው ተባረረ፣ ጅምሩ ቀረ። በ1948 ዓ.ም. ለጃንሆይ የዘውድ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ተጠናቆ "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር" ተብሎ ተከፈተ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የመክፈቻው ትያትር ነው፦ የመኮንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦሪዮን"። የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለ ንጉሥ ታሪክ፣ በንጉሥ ኢዮቤልዩ! ያውም ደራሲው የራሳቸው የጃንሆይ ባለሥልጣን።

ይሄን ሁሉ እያስተማርኩ እኔ ራሴ ውስጡን አላየሁትም። አንዴ ከሐረር ለሥልጠና ሄጄ ቲኬት መቁረጫው ጋ ደርሻለሁ፤ ትያትሩ ሳይጀመር መሸብኝና ተመለስኩ።

አንተስ ልጄ፣ ገባህ ወይስ ፎቶ ብቻ?