በገዛ ምላስ ስለ መፍረድ

ሰው የቀመሰው ነገር እንደ ጣፈጠው ወይም እንዳልጣፈጠው ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ነገር ግን በግብዣ ላይ የወይን ጠጅ በቀረበ ጊዜ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ አስቀድሞ የሚያየው የጎረቤቱን ፊት ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ። ጋባዡ ጠርሙሱን ከሩቅ አገር በብዙ ገንዘብ እንዳስመጣው ሲነግረን፥ አፌን ያኮማተረውን መጠጥ «እጅግ ድንቅ ነው» ብዬ አመሰገንሁ፤ እርሱም ደስ ብሎት ደግሞ ቀዳልኝ። ያን ሁለተኛውን ብርጭቆ እንዴት እንደ ጨረስሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የማነሣው ወደ መጠጥ ልጋብዝህ ብዬ አይደለም። ሰው በገዛ ጣዕሙ ማፈርን ከየት እንደ ተማረ የሚያሳይ ታሪክ በወይን ጠጅ ዘንድ ስለሚገኝ ነው እንጂ።

በ1855 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሌዎን በፓሪስ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አቆመ። የቦርዶ ከተማ የንግድ ምክር ቤትም የአገሩን ወይን ጠጆች በየማዕርጋቸው ለይቶ ለማሳየት አስቦ ሥራውን ለወይን ጠጅ ደላሎች ሰጣቸው። ደላሎቹ ዝርዝሩን በሁለት ሳምንት ያህል ጨርሰው አስረከቡ። እንዴት ይህን ያህል ፈጠኑ ቢባል፥ ብርጭቆ ደርድረው ለመቅመስ አልተቀመጡም፤ የገበያውን ዋጋ ተመለከቱ እንጂ። ለብዙ ዓመታት በውድ ሲሸጥ የኖረው አንደኛ ማዕርግ አገኘ፥ ከእርሱ የሚያንሰው ሁለተኛ ሆነ፥ እንዲህ እየተባለ ቀዩ ወይን ጠጅ እስከ አምስተኛ ማዕርግ ተከፈለ። በአንደኛው ማዕርግ የገቡት ላፊት፥ ላቱር፥ ማርጎና ኦብሪዮን 4ቱ ብቻ ነበሩ።

በደላሎቹ አልፈርድባቸውም። ደላላ የገበያ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ተጠየቀ፥ የሚያውቀውን መለሰ። ኋላ የመጣው ትውልድ ግን ያን የዋጋ ዝርዝር የጣዕም ሕግ አደረገው። ወይኑን የተከሉትና የጠመቁት ሰዎች አለፉ፥ ርስቶቹም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ፥ ማዕርጉ ግን ከጠርሙሱ ላይ አልወረደም። ሙቶን የተባለው ርስት ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ለመውጣት 118 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ብዙ ዘመን ከደከመ በኋላ በ1973 ተፈቀደለት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስም ብቻም አይደለም፥ መልክም ያታልላል። በዚያው በቦርዶ ተመራማሪዎች የወይን ጠጅ ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች አንድ ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ አስመስለው አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹም ሽታውን ሲገልጹ ስለ ቀይ ወይን ጠጅ የሚነገረውን ቃል ተናገሩ። ጥናቱ የታተመው በ2001 ነው። ልጆቹ አልዋሹም፤ ዐይናቸው ከአፍንጫቸው ቀድሞ ፈርዶ ነበር።

እንግዲህ ስሙ ቢሸፈንስ ምን ይሆናል? ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ፥ በፓሪስ የወይን ጠጅ ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ፥ ሜይ 24 ቀን 1976 ይህን ሞከረ። በሙያቸው የተከበሩ 9 ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ በመጀመሪያ 10 ነጭ፥ ቀጥሎ 10 ቀይ ወይን ጠጅ አቀረበላቸው። በየዙሩ 6ቱ ከካሊፎርኒያ፥ 4ቱ ከፈረንሳይ ነበሩ፤ የትኛው የማን እንደ ሆነ ግን አልተነገራቸውም። ለየአንዳንዱ ከ20 ማርክ ይሰጡ ነበር። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለ መሰለ፥ ከተጠሩት ጋዜጠኞች የመጣው የታይም መጽሔቱ ጆርጅ ቴበር ብቻ ነበር። እርሱ የቅምሻውን ተራ የያዘ ወረቀት በእጁ ስለ ነበረ፥ ከዳኞቹ አንዱ የካሊፎርኒያውን ነጭ ቀምሶ ወደ ፈረንሳይ በመመለሱ ሲደሰት ሰማው።

ማርኩ ሲደመር በነጩ ሻቶ ሞንተሌና፥ በቀዩ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ፤ ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው። ሙቶንና ኦብሪዮን ከተሸነፉት መካከል ነበሩ። የስታግስ ሊፕን ወይን ጠጅ የሠራው ዋረን ዊኒያርስኪ ቀድሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው።

ከዚህ የተነሣ የካሊፎርኒያው ከፈረንሳዩ ይበልጣል የሚል ሰው ያንኑ የቀድሞውን ስሕተት ገልብጦ ይደግመዋል። በቀዩ ልዩነቱ ጥቂት ነበር፤ ዳኞቹም ለአንዱ ወይን ጠጅ እጅግ የተራራቀ ማርክ ሰጥተው ነበር። አንዱ ያደነቀውን ሌላው ንቆታል፤ ድምሩ ግን የማንም ምላስ አይደለም። ቢሆንም ሰው ቍጥር ይወዳል። ሮበርት ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ በ1978 ገዢውን ከነጋዴ ውዳሴ ለማዳን የራሱን ጽሑፍ ማሳተም ጀመረ፥ ማርኩንም ከ100 አደረገው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነጋዴዎቹ ግን ማርኩን ራሱን ወስደው በየመደርደሪያው ለጠፉት።

ወደዚያች የፓሪስ ቀን ልመለስ። ከዘጠኙ ዳኞች አንዷ የታወቀ የወይን ጠጅ መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። ውጤቱ በተነበበ ጊዜ ማርክ የጻፈችበትን ወረቀት እንዲመልሱላት ጠየቀች፤ ስፐሪየርም አልመልስም አላት። በወረቀቱ ላይ የነበረው ግን ሌላ ምስጢር አይደለም፤ ስሙን ሳታውቅ የጣፈጣትና ያልጣፈጣት፥ በገዛ እጇ የተጻፈ ብቻ ነበር።