ከባሕሩ ሰማያዊነት እስከ ማርስ ድንጋይ



የዛሬውን ርዕስ እንድመርጥ ያደረጉኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው በሒሳብ ፈተና ስለ ወደቀ ወደ ዝቅተኛው ቡድን ይውረድ የሚል ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ መጡ። «እኛ ከገበሬ ቤት የመጣን ሰዎች፣ ሳይንስ ምናችን ነው? ልፈርምና ይገላገል» አሉኝ። ልጁን ሳነጋግረው ግን ሒሳቡን ያውቀዋል። የከበደው ጥያቄው የተጻፈበት ዕብራይስጥ ነበር። ያን ዕለት ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ታሪክ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

አልበርት ማይክልሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. ዛሬ ፖላንድ በሆነው አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ይዘውት ተሰደዱ፤ ያደገውም በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ማዕድን በሚቆፈርባቸው ከተሞች ነው። በ1881 አንድን የብርሃን ጨረር ለሁለት ከፍሎ፣ በየመንገዱ ልኮ፣ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ። ይህ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። ጨረሮቹ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጨልማል፤ ከዚህም ብርሃኑ ምን ምን ቀለም እንደ ያዘ ይታወቃል። ይህ የስደተኛ ልጅ በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሁለተኛው ሰው የሕንዱ ራማን ነው። ለ10 ዓመት ያህል በመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት ሲሠራ ምርምሩን የሚያካሂደው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነበር። በ1921 በመርከብ ሲጓዝ ሜዲትራኒያን፣ ይኸው እኛ ከሐይፋ የምናየው ባሕር፣ ለምን ሰማያዊ እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ። ይህን ሲመረምር ቆይቶ በ1928 ከክሪሽናን ጋር ትልቅ ነገር አገኘ፤ ብርሃን አንድን ነገር ነክቶ ሲበተን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። ለውጡም እንደ ጣት አሻራ ከማዕድን ማዕድን ይለያያል። እርሱም በ1930 ኖቤልን ተሸለመ።

ችግሩ ይህ የተለወጠ ብርሃን ከብዙ ሚሊዮን አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ራሱ ሌላ ድምቀት ሲሰጥ ይውጠዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ደጋግመው ይለካሉ፤ ኢንተርፌሮሜትሩ የመዘገበውን ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ የነበረው ፈረንሳዊው ፉሪዬ ባስተማረው ሒሳብ ወደ ቀለማት ይለውጡታል። ከዚያም የሚሸፍነውን ድምቀት ቀንሰው የቀረውን ከታወቁ ማዕድናት ጋር ያስተያያሉ። ገለባውን በሰፌድ አንፍሶ ፍሬውን እንደ ማስቀረት ነው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ማርስ ላይ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የተባለች ተሽከርካሪ ሁለት የራማን መሣሪያዎች ይዛለች። እነዚህ ኢንተርፌሮሜትር የላቸውም። በ2011 ግን የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ትንሽ ኢንተርፌሮሜትር ለራማን ምርመራ እንደሚያገለግል አሳይተዋል።

ማርስን ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንትስ ምድር ላይ የሚለማመዱት የት ነው? አንዱ ቦታ የመጣንበት አገር ነው! በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ያለው፣ ጨውና አሲድ የሚፈላበት ዳሎል። በ2019 አንድ ቡድን እዚያ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ አለ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በጣም ከባድ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም፣ ማዕድንም ሕያው መስሎ ይታያል ሲል ጻፈ። በአንድ ልኬት ብቻ መፍረድ ያሳስታል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ የልጅ ፈተናም አንድ ልኬት ነው። የዕብራይስጥ ችግር እውቀቱን ሸፍኖት ከሆነ እውቀቱ የለም ማለት አይደለም። ከእኚያ እናት ጋር ትምህርት ቤቱ ሄደን ጥያቄዎቹ እየተነበቡለት እንደገና እንዲፈተን ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እናንተም ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁ ዳግም እንዲፈተን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ራማንም የጀመረው በጥያቄ ነው።