ዋናው ተልእኮና የጎን መንገድ፤ ከግሽ ዓባይ እስከ ለቡ

እኔ በምኖርበት በለቡ መብራት ኃይል፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ ከፀጉር ቤቱና ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁ ጎን የፕሌይስቴሽን ቤት አይጠፋም። ወላጆች እነዚህን ቤቶች በክፉ ዓይን ያዩአቸዋል፤ ስለ አገር ጉዳይ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ጭራሹኑ አናያቸውም። በዚህ ጽሑፍ ግን ትንሽ ልቆምባቸው እፈልጋለሁ። በእነዚያ ጨለምለም ባሉ ክፍሎች ውስጥ የሚታየው አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ያስታውሰኛልና። ለመሆኑ አንድን አገር ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው? አዋቂውስ የሚባለው ማን ነው?

እግር ኳሱን ማለቴ አይደለም። ማለቴ «ክፍት ዓለም» የሚባሉትን ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ከመነሻው አንድ ዋና ተልእኮ ይሰጠዋል፤ ጠላት መበቀል፣ የጠፋ ዘመድ መፈለግ ወይም መንግሥት ማዳን። ነገር ግን ተልእኮውን አቆይቶ ወደ ፈለገበት መሄድ ይችላል። ተራራ ይወጣል፤ ወንዝ ይሻገራል፤ መንደር ገብቶ ዕቃ የጠፋባትን አሮጊት ይረዳል። እነዚህ ትናንሽ ሥራዎች «የጎን ተልእኮ» ልንላቸው የምንችላቸው ናቸው፤ ልጆቹ ግን ትልቁንም ትንሹንም «ሚሽን» ይሉታል። አንድ የጎረቤት ልጅ ለወራት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሲንከራተት አይቼ፣ ዋናውን ለምን እንደማይጨርስ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ዋናው ሚሽን ካለቀኮ ጌሙ አለቀ» ሲል መለሰልኝ። ይህን መልስ አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ፤ ከ250 ዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ አንድ እንግዳ ሰው ላይ ደርሶ እናገኘዋለን።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሥር ከእውነተኛ ዋሻ የበቀለ ነው። ዊል ክራውዘር የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ዋሻ መመርመር የሚወድ ሰው ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ አንድ ክፍል በጽሑፍ ብቻ ወደ ኮምፒውተር አስገባው። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ሲጽፍ፣ ማሽኑ በዚያ በኩል ያለውን ይነግረዋል። በ1977 ዶን ዉድስ የተባለ ሌላ ባለሙያ ይህንኑ አስፋፋው። በ1984 ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች «ኢሊት» በተሰኘው ጨዋታቸው 8 ጋላክሲዎችን፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔቶችን ከፍተው፣ ተጫዋቹን ወደ ወደደው እንዲሄድ ለቀቁት። በ1986 የወጣውን «ዜልዳ» የፈጠረው ጃፓናዊው ሺገሩ ሚያሞቶ ደግሞ፣ የሐሳቡ መነሻ በልጅነቱ በኪዮቶ አቅራቢያ በሶኖቤ ገጠር ሲዘዋወር ያገኘው ዋሻ እንደሆነ ተናግሯል። በሁለቱም ላይ፣ በክራውዘርም በሚያሞቶም፣ መጀመሪያ የሄደው የሰው እግር ነው፤ ማሽኑ የመጣው ከእግሩ በኋላ ነው።

በ2001 እና በ2004 የወጡት የ«ግራንድ ቴፍት አውቶ» ጨዋታዎች ይህንን ዓለም ወደ ከተማ አመጡት። በ«ሳን አንድሪያስ» ውስጥ ተጫዋቹ ከወንበዴዎቹ ታሪክ ወጣ ብሎ ታክሲ ይነዳል፣ በአምቡላንስ በሽተኛ ያመላልሳል፣ እሳት ያጠፋል። በ2007 የጀመረው «አሳሲንስ ክሪድ» ደግሞ ረጅም ግንብ ላይ ለወጣ ሰው የአካባቢውን ካርታ በአንድ ጊዜ መግለጥን አስለመደ። በ2017 በወጣው የ«ዜልዳ» ጨዋታ ውስጥ 900 ትናንሽ ዘሮች በየድንጋዩና በየዛፉ ሥር ተሸሽገዋል። ሁሉንም ለቅሞ የጨረሰ ሰው የሚያገኘው ሽልማት ወርቃማ የፋንድያ ክምር የሚመስል ነገር ነው። ሠሪዎቹ የቀለዱ ይመስላል፤ ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። ለዘላቂው ተጓዥ ዋጋው የተከፈለው ሲዞር ሳለ እንጂ ከዞረ በኋላ አይደለም።

አሁን ወደ ጎጃም እንሂድ።

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1769 ምፅዋ ሲደርስ አንድ ዋና ተልእኮ ነበረው፤ የዓባይን ምንጭ «ማግኘት»። በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገባው ግን ተልእኮው አልነበረም። በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቁስቋም ልጆች ፈንጣጣ ታመው ነበርና፣ የሕክምና ዕውቀቱን ተጠቅሞ በማስታመሙ ነው ሞገስ ያገኘው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ፊት ቆመ፤ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ዘመተ፤ ሹመትም ተቀበለ። ራሱ እንደሚተርከው ከሆነ፣ ንጉሡ የግሽን መንደር ከነምንጮቹ ርስት አድርጎ ሰጥቶታል። ወደ ምንጩ የመራው፣ ብሩስ «ወልዶ» እያለ የሚጠራው ሰው ደግሞ፣ ቦታውን ከማሳየቱ በፊት የእንግዳውን ቀይ የሐር መቀነት በብልሃት ተቀብሎታል። የጨዋታ ሠሪዎቹ ከዚህ የተሻለ የጎን ተልእኮ የጻፉ አይመስለኝም።

ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤንነት ጠጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረን ራሱ ነው፤ ደስታው ወዲያው ጠፍቶ ጥልቅ ትካዜ ወደቀበት። ዋናው ሚሽን አልቆ ነበራ!

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ዋናው ተልእኮው ከመነሻው ባዶ ነበር። ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር። ብሩስ ይህን እስከ መጨረሻው ካደ። የረዳውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሉዊጂ ባሉጋኒንም ድርሻ አሳንሶ፣ ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ፤ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቶ ነበርና የሚከራከረው አልነበረም። የግሽ ሰዎችን በተመለከተማ ነገሩ ግልጽ ነው። ለአገው ገበሬዎች ምንጩ ሲያከብሩት የኖሩት የደጃቸው ውኃ ነበር። ዛሬም በሰከላ ወረዳ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያንና ጠበሉ ምእመናንን ይጠራል። ያልጠፋ ነገር እንዴት ይገኛል?

ታዲያ የብሩስ ጉዞ ከንቱ ነበር? አልነበረም። እግረ መንገዱን የሠራቸው ሥራዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ በ3 ቅጂ ይዞ ወጣ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ፤ ከዚያም ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የአውሮፓ ሊቃውንት ከእጃቸው ወጥቶ የነበረውን መጽሐፍ ሙሉውን ያነበቡት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ ስላቆየችው ነው። የነገሥታቱን ታሪክ፣ የዕፀዋቱን ሥዕል፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ወሬ የሰበሰበውም እንዲሁ በጎን መንገድ ሲሄድ ነው። ዋናው ተልእኮው ለክብሩ ነበር፤ ለዕውቀት የተረፈው ከመንገድ ወጥቶ ያነሣው ነው።

እዚህ ላይ በጨዋታውና በታሪኩ መካከል ያለውን ልዩነት መዝለል አይገባም። በጨዋታው ውስጥ መንደርተኛው የተፈጠረው ለተጫዋቹ ሲባል ነው። አሮጊቷ ተጫዋቹ እስኪመጣ ዕቃዋን አትፈልግም፤ ተጫዋቹ ከሄደ በኋላም ታሪክ የላትም። የግሽ ሰው ግን የራሱ ዋና ጉዳይ ነበረው፤ በዚያ ዓመት ራስ ሚካኤልና የዳሞቱ ፋሲል ሲዋጉ፣ ልጁንና ከብቱን ለማትረፍ ይጨነቅ ነበር። በእርሱ ታሪክ ውስጥ ተሻግሮ የሄደው እንግዳ ብሩስ ነው።

ደግሞም የእኛ ሰዎች መንገድ ጠቋሚ ብቻ አልነበሩም። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 ገደማ ታላቁን የዓለም ካርታውን ሲሠራ፣ ስለ ኢትዮጵያ ያሰፈረውን የአገሩ ተወላጆች ከሆኑ ካህናት መቀበሉን በካርታው ላይ ጽፏል። ከመካነ ሥላሴ የተነሣው አማራው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝቶ፣ በ1652 ጀርመን ድረስ ሄዶ ቋንቋውንና የአገሩን ነገር አስተማረው። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 ሲታተም ጎርጎርዮስ በሕይወት አልነበረም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ ሞቷል። ዐዋቂው የነገረውን ጸሐፊው ወረሰው።

እኛስ እርስ በርሳችን እንዴት ተዋወቅን? በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ሁለቱም ከላይ የታዘዘ ዋና ተልእኮ ነበራቸው፤ ሁለተኛው በደምና በእስራት መጨረሱም አይዘነጋም። ይሁን እንጂ ከዘመቻው የተመለሱትን ስሰማ አብዝተው የሚያወሩልኝ ስለ መመሪያው አይደለም። የሚያወሩልኝ ስላሳደረቻቸው እናት፣ ስላልገባቸው ቋንቋ፣ በእግር ስለተሻገሩት ወንዝ ነው። መንግሥቶቻችን ሁሉ ዋና ተልእኮ አላጡም፤ ሥልጣኔ፣ አብዮት፣ ልማት፣ ብልጽግና። አገሪቱ ግን የምትገኘው ተማሪው ያደረበት ጎጆ ውስጥ ነው።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዋጁ ጊዜ በ2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ጦርነቱ አብሮት አላበቃም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ከለቡ ጣቢያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ያደርሳል፤ ከዚሁ ሰፈር ተነሥቶ ሰከላ ደርሶ ለመመለስ ግን ወጣቱ መጀመሪያ የእናቱን እንባ መሻገር አለበት። የሰፈራችን ልጅ በሰው አገር አምሳል የተሠራን ከተማ ጎዳና ለጎዳና ያውቃል፤ ዓባይን የሚያውቀው ግን በዜናና በመፈክር ነው።

ጨዋታውን አልወቅስም፤ እንዲያውም ልጁን መንገድ የመልቀቅ ፍላጎት አስተምሮታል። ግን በጨዋታው ውስጥ ከድንጋዩ ሥር ያለው ሁሉ አንድ ሠሪ አስቦ ያስቀመጠው ነው። በአገር ውስጥ ግን ማንም ያላሰናዳልህን ሰው ታገኛለህ፤ ከአንተ የተለየ ሐሳብ አለው፣ አንተንም ሲጠብቅ አልነበረም። ይህን ሰው ሳያገኝ የሚያድግ ትውልድ ስለ እርሱ የሚያውቀው ዋናውን ተልእኮ የያዙት ሰዎች የሚነግሩትን ብቻ ይሆናል፤ እነርሱ ጠላት ነው ሲሉት ጠላት፣ ወገን ነው ሲሉት ወገን። ስለዚህ ስለ ሰላም ሲነገር፣ የሥልጣኑ ድርድር እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ተማሪ ያለ ፍርሃት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ያልታዘዘበት ቦታ ወርዶ፣ ከማያውቀው ሰው ቤት ውኃ ጠጥቶ መመለስ መቻሉም ይጠየቅ። እኔ የሰላሙን መምጣት የምለካው በዚህ ነው።

ቸር ይግጠመን።