ትልቅ ፋይል በኢሜይል ስትልኩ ለምን ይመለሳል?

አንዲት ዓረብ አገር የምትሠራ እህታችን ደመወዟን እንደከለከሏት የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኳ ቀርፃ በኢሜይል ላከችልን። አልደረሰንም። እሷ «ዝም አሉኝ» ብላ አዘነች፣ እኛ ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች ብለን ተውነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትደውል ነው የገባን፦ ኢሜይሉ ያኔውኑ ተመልሶባታል፤ መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስታወቂያ መስሏት አልከፈተችውም። «ሜይል ዴሊቨሪ ሰብሲስተም» ወይም «ሜይለር ዴሞን» ከሚባል ላኪ መልስ ከመጣላችሁ፣ በቃ፣ የላካችሁት አልደረሰም።

ኢሜይል መጀመሪያ የተሠራው ለጽሑፍ ነው። ቪዲዮም ሆነ ፎቶ ሲያያዝ ወደ ፊደልና ቁጥር ተገልብጦ ነው የሚሄደው፤ በዚህ ምክንያት በሲሶ ያህል ያብጣል። 20 ሜጋባይት የነበረው 27 አካባቢ ሆኖ ይጓዛል። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት አያይዛችሁ እንድትልኩ ይፈቅዳል፤ የተቀባዩ ሰርቨር ግን የራሱ ገደብ አለው፤ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል 10 ላይ ሊያቆም ይችላል። ሻንጣችሁን አንዱ አየር መንገድ ተቀብሎት ትራንዚት ላይ ሌላው «ከብዷል» እንደሚላችሁ ማለት ነው።

ዚፕ አድርጉት የሚሉ አሉ። ለዎርድ ሰነድ ይረዳል። ቪዲዮና የስልክ ፎቶ ግን ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ እምብዛም አይቀንስም።

የሚያዋጣው ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭኖ ሊንኩን ብቻ በኢሜይል መላክ ነው። 15 ጊጋባይት ነፃ ነው፤ ሆኖም ኢሜይላችሁና ጉግል ፎቶም ከዚያው ላይ ነው የሚወስዱት። አይፎን ያላችሁ «ሜይል ድሮፕ» እስከ 5 ጊጋባይት ያደርስላችኋል፣ ግን ከ30 ቀን በኋላ ሊንኩ ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈቃዱ ላይ ነው። ድራይቭ ሲጫን ዝግ ነው፤ ካልከፈታችሁት ተቀባዩ «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ያያል። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን መምረጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሊንኩ እጁ የገባ ሁሉ ያየዋል። እንደ እህታችን ላለ ጉዳይ የተቀባዩን ኢሜይል ብቻ አስገቡ። ቴሌግራምም እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፤ እንደ «ፋይል» ላኩት እንጂ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፣ ማስረጃ ሲሆን ደግሞ ዋናው ነው የሚፈለገው።

ተቀባዩ ከፍቶ እስከ መጨረሻው አየሁት እስኪላችሁ ድረስ ከስልካችሁ አታጥፉ። እህታችን እንኳን አላጠፋችው፤ ሁለተኛው ዙር የደረሰን ለዚህ ነው።