ክፍል ሁለትን አስቀድመን ያየን ልጆች

ጉደር ላይ ልጅ ሆኜ «ተርሚኔተር»ን ያየሁት ከክፍል ሁለት ጀምሬ ነው። መርጬ አይደለም። ካሴት ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ሲመጣ በቅደም ተከተል የሚልከው የለም። ቪዲዮ ቤቱ ያገኘውን ያሳያል፤ እኛም አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የመጣውን እናያለን። እንግሊዝኛ ይገባኛል የሚል አንድ ታላቃችን ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ ይተረጉምልናል። ያልገባውን ከራሱ ይጨምርበታል።

ስለዚህ አርኖልድን ያወቅነው ልጅ ጠባቂ ሆኖ ነው። ክፍል አንድ ከወራት በኋላ ሲመጣ ያው ሰውዬ የልጁን እናት ሊገድል ሲያሳድዳት አየንና ግራ ተጋባን። አክተር እንዴት ነፍሰ ገዳይ ይሆናል? አንዳንዶቻችን ካሴቱ ተሳስቷል ብለን ተከራከርን።

ክፍል ሁለት አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው ሰኔ 26 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ፣ ደርግ ከወደቀ ገና ከወር ትንሽ አልፎ፣ የሽግግሩ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ይህን መገጣጠም ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። እዚያም እዚህም የተያዘው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከባድ ክፍል አንድ ላይ ክፍል ሁለት መጻፍ።

ከብዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች በኋላ ተከታይ ክፍልን የምለካበት አንድ መለኪያ አበጅቻለሁ። ቴክኒኩን አይደለም የማየው። የቀደመው ክፍል ዋጋ የከፈለበትን ነገር ተከታዩ ምን አደረገው? ይህን ነው የምጠይቀው።

ጄምስ ካሜሮን በተርሚኔተር ሁለት የሠራውን እዩ። ሳራ ኮነር ሊያድናት የመጣውን ማሽን ስታይ በድንጋጤ ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ በክፍል አንድ ሊገድላት የነበረው መልክ ነውና። ፊልሙ ፍርሃቷን «ያለፈው አልፏል፣ እርሺው» ብሎ አያጣጥለውም። ማሽኑ እምነቷን የሚያገኘው በሥራ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ።

አሁን ሌላውን እዩ። በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤሊየንስ» ሪፕሊ የምትባለው ሴት ከሞት አፍ ተመልሳ ገብታ ኒውት የምትባል ትንሽ ልጅ ታወጣለች። የፊልሙ ልብ ያች ልጅ ናት። በ1992 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ልጅቷ ገና ከመግቢያው ሞታ ተገኘች። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዳርክ ፌት» የተባለው ተርሚኔተርም እንዲሁ አደረገ። ሁለት ፊልም ሙሉ ሲጠበቅ የኖረውን ጆንን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገደለው። ጸሐፊው አዲስ ታሪክ ለመጀመር የቸኮለ እንደሆነ የቀደመው መስዋዕትነት ዕንቅፋት ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከፊልም ያልፋል። እኛ አገር በ1966ም፣ በ1983ም፣ በ2010ም አዲስ ክፍል ጀምረናል። በየጊዜው የምንቸኩለው መክፈቻውን ለመቀየር ነው። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ሆነ፣ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆነ። ሰንደቁ ላይ ያለው ምልክት ተቀየረ። የቀደመው ክፍል ገጸ ባሕርያት ደግሞ ወይ ጭራቅ ይሆናሉ፣ ወይ ጨርሶ ይረሳሉ።

ለእኔ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ከጉደር አምቦ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው አምቦ ላይ ከወጡት መካከል ሰዎች ተገድለዋል። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ፤ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት መሪ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ክፍል የምትደግፉም የምትቃወሙም አላችሁ። ለሁላችሁም ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እነዚያ ልጆች በዚህ ክፍል ውስጥ የት አሉ? እንደ ኒውት መግቢያው ላይ ቀርተው ይሆን?

ቅደም ተከተል ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በኢትዮጵያ የተሠራ አንድ ፊልም አሳይቶናል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ የሠራው «ክራምብስ» በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉት ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻን እንደ ውድ ቅርስ ይይዛሉ፤ ማይክል ጆርዳን እንደ ቅዱስ ይለመናል። ዕቃው ተርፏል፣ ታሪኩ ጠፍቷል። ብዙ ሰው ፊልሙን እንግዳ ነገር ብሎ ተወው። እኔ ግን የቪዲዮ ቤታችንን ልጆች አየሁበት። ክፍል አንድን ያላየ ሰው ጠባቂውንና ገዳዩን በምን ይለያል?

እኛ ልጆች በኋላ ታረቅን። ሁለቱንም ካሴት በተራው ደግመን አየናቸውና ክፍል ሁለት በለጠብን። ጠባቂው ከየት እንደመጣ ስናውቅ ነው የተወደደው።

እናንተስ? ክፍል ሁለቱ ከክፍል አንዱ የበለጠባችሁን ፊልም አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ስለ አገር የምትጽፉ ከሆነ ግን፣ ክፍል አንድን ከየት እንደምትጀምሩ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።