የስሜኑ ገዥ ደሞዙ ስንት ነበር?

የትልልቅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ክፍያ ሲነገር ብዙዎቻችን አፋችንን ይዘን እንቀራለን። ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ ተቋም እንዳሰላው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የአንድ ሥራ አስፈጻሚ ክፍያ የተራ ሠራተኛውን 20 እጥፍ ገደማ ነበር፤ አሁን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ለመሆኑ እኛ አገር ድሮ የበላይ ኃላፊ እንዴት ይከፈለው ነበር?

ወደ በየዳ እንሂድ፤ ራስ ደጀን ወዳለበት፣ ገብስ ወደሚታረስበት ደጋ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስሜንን ከትግራይ ጋር የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ብዙ ሠራዊት አስተዳድረዋል፣ ጠመንጃ ገዝተዋል፣ በጎረቤት ጃናሞራ ደረስጌ ማርያምን አሠርተዋል። የወር ደሞዝ ግን አልነበራቸውም።

በዚያ ዘመን የሹም ክፍያ ጉልት ነበር። ጉልትና ርስት እንዳይምታቱባችሁ! ርስት ገበሬው ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው መሬቱን የማረስ መብት ነው። ጉልት ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ነው፤ ለሹም በአገልግሎቱ ምትክ ይሰጣል። እህሉ፣ ማሩ፣ ሁዳድ ላይ የሚውለው ጉልበት፣ ከዳኝነት የሚገኘው ገንዘብ ሁሉ ለባለጉልቱ ነው።

ለዘመኑ አመቺ ነበር። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ብር በሆነበት፣ መንገዱም ገደል በሆነበት አገር በየወሩ ደሞዝ ማድረስ ቀላል አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ክፍያው መዝገብ የለውም። ግብር ሰብሳቢው ራሱ ዳኛ ስለሆነ ገበሬው “በዛብኝ” ቢል አቤት የሚለው እዚያው ሰው ዘንድ ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥም ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ንጉሡ ወታደሩ ገበሬውን መዝረፉን ትቶ በደሞዝ እንዲኖር ሞከሩ። ግን ደሞዝ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ ፍለጋ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲነኩ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ሐሳቡም ሳይሳካ ቀረ።

ነገሩ መልክ የያዘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎችን ደሞዝተኛ አደረገ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ጉልት በአዋጅ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ተራ ነገር የሚመስለን ደሞዝ አንድ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ከፋዩም ከተቀባዩ የተለየ ነው።

አሁን ወደ ሥራ አስፈጻሚዎቹ እንመለስ። የብዙዎቹ ገቢ በአብዛኛው ደሞዝ ሳይሆን የኩባንያው አክሲዮን ነው። ኩባንያው ሲያድግ አብሮ ያድጋል፤ በዚህ በኩል ጉልትን ይመስላል። ልዩነቱ፣ ክፍያውን የሚወስን ቦርድ አለ፣ ይመዘገባልም። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ብዙ ኩባንያዎች የአለቃውና የመካከለኛ ተከፋይ ሠራተኛው ገቢ ስንት እጥፍ እንደሚራራቅ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ያወጣሉ።

እናንተም ስለ አንድ አለቃ ክፍያ ስትሰሙ “ስንት ነው?” ብቻ አትበሉ። ማን ወሰነው? የት ተጻፈ? የበዛበት ሰውስ አቤት የሚለው ለማን ነው? የበየዳ ገበሬ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያጣው ለብዙ ትውልድ ነው።