የእንጨትና የጭቃ ቤት በጮቄ ግርጌ

በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረችው ሮብ ገበያ መንገድ ዳሯ ዛሬ ቆርቆሮ ቢለብስም፣ ወደ ገጠሩ ጥቂት ለተራመደ ሰው አበው ያወረሱን የእንጨትና የጭቃ ቤት ሥርዓት ገና ይታየዋል።

ቤት ሠሪው ከመሬቱ መካከል ችካል ተክሎ በገመድ ክቡን ከለካ በኋላ፣ በዙሪያው ቦይ ቆፍሮ የግድግዳውን እንጨት ተራ በተራ ያቆማል፤ ከመካከሉም ምሰሶውን ይተክላል። ለምሰሶ የሚመረጠው ወይራ ወይም ጥድ ነበር፤ ሁለቱም ምስጥንና ብስባሴን ይችላሉና። ማገሩ ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን በልጥ ነው፤ ልጡ እርጥብ ሳለ ይጠመጠማል፣ ሲደርቅም ተኮማትሮ እንጨትን ከእንጨት ጋር ስለሚያጣብቅ በሁለት እጅ ቢወዘውዙት ንቅንቅ አይልም። ክዳኑ ከጮቄ የሚታጨድ ጓሳ፣ ወይም ዝቅ ካለው አገር የሚመጣ ሰንበሌጥ ነው። ጭቃው የጤፍ ጭድ ከተገኘ በእርሱ፣ ካልተገኘም በገብስ ጭድ ተቦክቶ ከሰነበተ በኋላ በደቦ ይመረጋል፤ ሴቶቹም ውስጡን በእበት ለቅልቀው ያለሰልሱታል፣ መደቡንም ያበጃሉ። የምድጃው ጭስ ዓይን ማቃጠሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክዳኑን ከተባይ የሚጠብቀው ያው ጥቀርሻ ነው። በጎጃም የሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ፣ ቅኔ ማኅሌታቸው፣ ቅድስታቸውና መቅደሳቸው ሳይቀር፣ በዚሁ ጥበብ የታነጹ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር እንደ ላቨናም ባሉ መንደሮች ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የቆሙ ቤቶች አሉ። የእነርሱም ግድግዳ በወፍራም እንጨት መካከል ቀጫጭን ጭራሮ ተጎንጉኖ፣ ጭቃና ጭድ እበትም ተመርጎበት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ጥበቡ ከእኛው ጋር ወንድማማች ነው። ልዩነቱ ከእግሩ ላይ ነው፤ የእነርሱ ምሰሶ በድንጋይ መሠረት ላይ ሲያርፍ የእኛው በአፈር ውስጥ ይቀበራል፣ የተቀበረውም እግር ወይራም ጥድም ቢሆን ውሎ አድሮ በክረምቱ ርጥበት ይበሰብሳል። ስለዚህ የብዙ መቶ ዓመት የገበሬ ቤት አለመትረፉ የአበው የእጅ ጥበብ በማነሱ አይደለም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል እስከ ነበረችው ደብረ ማርቆስና እስከ ደጋው ከተዛመተ ወዲህ፣ ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ያለ ግንድ ስለሚሰጥ የወይራንና የጥድን ቦታ ወረሰ፤ ወይራና ጥድም በአብዛኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተወሰኑ። በኋላም አራት ማዕዘን የሆነው ቆርቆሮ ለክብ ጣራ ስለማይመች፣ ቤቱ ራሱ ማዕዘን አወጣ። ቆርቆሮው ዝናቡን መከላከሉን አልክድም፤ ሆኖም በብርዱ ሌሊት ሙቀት እንደማይዝ ያደረበት ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ የስናን ሹማምንትና የደብረ ማርቆስ መምህራን፣ ልጥ መጠምጠምና ጓሳ መክደን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ቤት በወይራ ምሰሶ አሠርተው አሠራሩን ከእነ ስሙ ያስጽፉ ዘንድ እለምናለሁ።